ምዕራፍ አምስት፦ ስድስት ቃል የቀረለት ቋንቋ

ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው መርከብ ከሚነካቸው የጣና ወደቦች አንዷም ናት። ዛሬ በገበያዋ የሚሰማው አማርኛ ነው፤ እህል ሻጩም፣ ዓሣ አቅራቢውም፣ ከቆላ ከብት ነድቶ የመጣውም በአማርኛ ይከራከራል፣ በአማርኛ ይስማማል። ይህን የሰማ እንግዳ አገሩ ከጥንት ጀምሮ አንድ ቋንቋ ብቻ የተነገረበት ቢመስለው አይፈረድበትም።

የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከደልጊ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጭልጋና አይከል የሚሄድ ሰው ቅማንትነይ ይሰማል። ወደ ምዕራብ ወደ ቋራ ቢወርድ ቤተ እስራኤሎች የሚነጋገሩበት ሌላ የአገው ቋንቋ፣ ቋርኛ፣ ይጠብቀዋል። ወደ ደቡብ አቸፈርን አልፎ ዳንግላ ሲደርስ አዊኛ ነው። ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ዘልቆ የዓባይን ተፋሰስ ቢከተል ጋፋትኛ የሚናገሩ ያገኛል። በሐይቁ ዳር ደግሞ ጉማሬ አዳኞቹ ወይጦዎች ማንም ጎረቤት የማይረዳው የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ከነዚህ ከአምስቱ ዛሬ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱበት አዊኛ ብቻ ነው።

የቀሩት አራቱ ሁሉም ተዳክመዋል ወይም ጠፍተዋል። የተዉልን ቅርስ ግን እኩል አይደለም። ቅማንትነይ ሰዋስውና የቃላት ስብስብ አለው። ጋፋትኛ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ትቷል። የወይጦዎቹ ቋንቋ የተወው ስድስት ቃል ነው፤ እነሱም አከራካሪ ናቸው። ቋንቋ ሁለት ጊዜ ሊሞት ይችላል፦ አንድ ጊዜ የሚናገረው ሰው ሲያልቅ፣ ሁለተኛ ደግሞ እንደነበረ የሚመሰክር ጽሑፍ ሲታጣ። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሁለተኛው ሞት በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። (በምዕራፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ንጉሡ ያስጠሯቸው ሁለት ሰዎች

በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ቢሆንም ቋንቋም ይማርከው ነበር፤ አማርኛም ያውቅ ነበር። ስለ ወይጦዎች ሲሰማ ቋንቋቸው በአቢሲኒያ ከሚነገሩት ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ተነገረው። ራሱ ሊያጣራ ፈለገና ንጉሡን ለመነ፤ ንጉሡም ሁለት ወይጦዎች ተጠርተው እንዲቀርቡ አደረጉ። ብሩስ ጠየቃቸው። ሰዎቹ አልመለሱም፤ የተጠየቁትም የገባቸው አይመስሉም ነበር። በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ብሩስ ስለ ቋንቋው እርግጠኛ ነገር ማግኘት እንዳልቻለ ጽፎ አለፈ።

የወይጦን ቋንቋ ለመመዝገብ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ይህ ነው። የተጠሩት ሰዎች ለምን እንደተጠሩ ያወቁ አይመስልም። ከሐይቅ ዳር ተይዘው ቤተ መንግሥት ቀረቡ፤ ፊታቸው ንጉሥና ባዕድ ነጭ ሰው፣ ከበላያቸው የሞት ዛቻ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚንቀው፣ ግብርና ቅጣት ካልሆነ በስተቀር በሹም ፊት ተጠርቶ የማያውቅ ሰው በዚያ ቦታ የሚያዋጣው ዝምታ ነው። የእኛ ዘመን የቋንቋ ጥናት መረጃ ሰጪው ሰው እምነት ካላደረበት እውነተኛውን ንግግሩን እንደማይሰጥ ያስተምራል። ያ ትምህርት በጎንደር ቤተ መንግሥት ሳይታወቅ ተፈትኗል።

ልዩነቱን የሚያጎላው ብሩስ በዚያው ቆይታው የሠራው ሌላ ሥራ ነው። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ወደ አማርኛ፣ ወደ ሁለት የአገው ቋንቋዎች፣ ወደ ፈላሾች (ቤተ እስራኤሎች) ቋንቋ፣ ወደ ጋፋትኛና ወደ ኦሮምኛ እንዲተረጎም አደረገ። ትርጉሞቹ እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አሉ። ከጎንደር ብዙ በማይርቀው የጣና ዳር ይነገር የነበረው የወይጦዎች ቋንቋ ግን ከነዚህ መካከል የለም።

ሐይቁን የሚያውቁ፣ አገሩ ያላወቃቸው

ወይጦዎች፣ ነገደ ወይጦም ይባላሉ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደንቢያ በጣና ዙሪያ ተበታትነው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በደቡብ ኦሞ ካለው የወይጦ ወንዝ ጋር በስም ከመገናኘት በቀር ዝምድና የላቸውም። የጥንት ሥራቸው ጉማሬ ማደን ነበር። ሥጋው ይበላ፣ ቆዳው ጋሻና አለንጋ ይሆን ነበር። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ሐይቁን በየወቅቱ የሚያነቡት እነሱ ነበሩ። ወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ሴቶቻቸው ሰሌንና ቅርጫት ይሠራሉ። የደሴት ገዳማቱን መነኮሳትና የሐይቁን ነጋዴ ለዘመናት ያሻገረችው ታንኳ ከነርሱ ጥበብ ጋር የተሳሰረች ናት።

ይህን ሁሉ ያቀረቡለት ጎረቤት ግን አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የጉማሬ ሥጋ እርም ነው ይል ነበር። ወይጦዎቹ ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሌሎች ሙስሊሞች እንደ ወንድም አልተቀበሏቸውም፤ ጋብቻም አልነበረም። ዓባይን በተመለከተም አቢናስ ለሚሉት የወንዝ መንፈስ መሥዋዕት ያቀርቡ ስለነበር በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ ቀሰቀሰ።

እንዲህ ያለ ንቀት ቋንቋ ላይ የሚሠራው በቀጥታ አይደለም። ቋንቋህን ተው የሚል አዋጅ አያስፈልግም። ገበያ ላይ አፉን ሲከፍት ማንነቱ የሚታወቅበት ሰው ልጁ ከዚያ እንዲያመልጥ ይመኛል። አያት ሁለቱን ቋንቋ ይናገራሉ፤ አባት የአያትን ይሰማል ግን ለልጁ በአማርኛ ይመልሳል፤ ልጅ ጥቂት ቃል ብቻ ይሰማል፤ የልጅ ልጅ ምንም። ሦስት ወይም አራት ትውልድ ይበቃል። በዓለም ላይ የሚጠፉ ቋንቋዎች አብዛኞቹ የሚያልፉት በዚህ መንገድ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው በምክር ቤት ሳይሆን እናት ልጇን በምን ቋንቋ ላባብለው ብላ በምትመርጥበት ሰዓት ነው።

ዘፋኙም ያልገባው ዘፈን

ከብሩስ በኋላ የወይጦን ቋንቋ በሚመለከት የተጻፈውን ስንከተል የመጥፋቱ ፍጥነት ይታያል። በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ወይጦዎች ሁሉም አማርኛ እንደሚናገሩ ጻፈ። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በጣና ሲያልፍ ይህንኑ አረጋገጠ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት። የዘፈኑ ትርጉም ለዘፋኙም አልገባውም፤ ያወቃቸው ገና በሥራ ላይ የነበሩ ጥቂት የጉማሬ የአካል ክፍል ስሞችን ብቻ ነው። ዘፈኑን የጻፈው ሰው የለም።

ግሪዮል ግን ረዘም ያለ የቃላት ዝርዝር ሰብስቦ ነበር። ዝርዝሩን በ1939 የመረመረው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ማርሴል ኮኸን ነው። ያገኘው ሦስት ዓይነት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከሃይማኖት ጋር የመጡ ብዙ የዐረብኛ ቃላት። ሁለተኛ፣ በተለመደው አማርኛ የሌሉ ጥቂት የኩሽ ቃላት። ሦስተኛውና አስደናቂው፣ ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው ሆን ተብሎ የተጣመመ የአማርኛ ቃላት ናቸው። ልጆች ትልልቆች እንዳይሰሟቸው የወፍ ቋንቋ እንደሚነጋገሩት ሁሉ ወይጦዎቹም እንግዳ እንዳይረዳቸው አማርኛን አጣመው ይናገሩ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ሲጠፋ የቋንቋው አንድ አገልግሎት፣ ማለትም በመካከላቸው ምሥጢር መጠበቅ፣ ሌላ ዕቃ አግኝቶ ቀጠለ። ከዚህ የምንረዳው ሰዎቹ ራሳቸውን ማግለል የማይፈልጉ፣ ግን መከላከያ የሚያስፈልጋቸው እንደነበሩ ነው።

ኮኸን ከዝርዝሩ አማርኛውን፣ ዐረብኛውንና ኩሹን ለይቶ ካወጣ በኋላ ምንጫቸው የማይታወቅ ስድስት ቃላት ብቻ ቀሩት። በፊደላችን በተጠጋጋ አጻጻፍ እነዚህ ናቸው፦ ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት፣ ቅንታት ክንፍ፣ ችግምቢት ትንኝ፣ አንኔሳ ትከሻ፣ እንኪየስ የጉማሬ ታፋ፣ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ። አምላክን፣ ፍቅርን፣ ሞትን የሚመለከት ቃል የለም። የተረፉት ሥራው አብሮአቸው የተረፈ ቃላት ናቸው፤ የጉማሬ ሥጋ የሚካፈል ሰው እስካለ ድረስ የሥጋው ስም አልጠፋም።

በ1965 አካባቢውን ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ምሁር ፍሬደሪክ ጋምስት ሲደርስ ከአደንና ከዓሣ ማጥመድ ሥራ ጋር የተያያዘ እንኳ አንድም የጥንት ቃል አላገኘም። ጉማሬው በጠመንጃ ተመናምኖ ወይጦዎች ወደ እርሻ መሻገር ጀምረው ነበር። ሥራው ሲቆም የመጨረሻዎቹ ቃላት አብረውት ሄዱ።

በስድስት ቃል ዘመድ አይገኝም

አንባቢ እዚህ ላይ «ስድስትም ቢሆን ቃል ነው፤ ከየትኛው ቋንቋ ጋር እንደሚዛመድ ለምን አይታወቅም?» ሊል ይችላል። መልሱን ለመረዳት ዝምድና እንዴት እንደሚረጋገጥ ማየት ያስፈልጋል።

የአገው ቋንቋዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ውኃን በኤርትራ የሚነገረው ብሊን «ዓቍ» ይላል። የዋግ ኽምጣንጋ «አቍ» ይላል። ቅማንትነይ «አዅ» ይላል። አዊኛ ድምፁን ከጉሮሮ አላልቶ «አጉ» ወደሚለው ይቀርባል። በአንድ ቃል ብቻ ብንመለከተው አጋጣሚ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ብሊንና ኽምጣንጋ «ቀ» ባሉበት ቦታ ቅማንትነይ «ኸ» የሚልባቸው ቃላት ብዙ ሲሆኑ፣ የድምፅ ለውጡ ሕግ መሆኑ ይገለጣል። ሕጉ ሲገኝ ቋንቋዎቹ ከአንድ እናት መወለዳቸው ይረጋገጣል። የአካል ክፍሎች ስም፣ ቁጥር፣ ተውላጠ ስም፣ የግሥ እርባታ በብዛት ካልተሰበሰቡ ሕጉ አይገኝም።

ለወይጦ ያ ሁሉ የለም። ስለዚህ ምሁራን የገመቱት ብዙ ነው። ኮኸን አገውኛ ወይም ከአማርኛ የተለየ የሴም ቋንቋ ሊሆን ይችላል አለ። ጋምስት አገውኛ ነበር የሚለውን ወሰደ። ጄሪት ዲመንዳል በ1989 ኩሽ መሆኑን አመዘነ። ላየኔል ቤንደር በ1983 ከአዊኛ ወይም ከናይል ሸለቆ ምሥራቅ ሱዳናዊ ቋንቋዎች ወገን ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በተለያየ አቅጣጫ የሚጠቁሙ አራት ምሁራን የአንድ ነገር ምልክት ናቸው፤ መረጃው ከጠፋ ዕውቀት አይተካውም።

ወረቀት ያተረፈው ጋፋትኛ

የጋፋትኛ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። ጋፋትኛ ከአማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ የሴም ቋንቋ ነበር። ተናጋሪዎቹ በጎጃም፣ በዓባይ አካባቢ ይኖሩ ነበር፤ በጦርነት፣ በፍልሰትና በአማርኛ መስፋፋት ቀስ በቀስ ተዋጡ። ነገር ግን የብሩስ ትርጉም ኦክስፎርድ ተቀምጦ ነበር። ቮልፍ ሌስላው በ1945 ያንን የእጅ ጽሑፍ መርምሮ የጋፋትኛን ሰዋስውና ቃላት አሳተመ።

ሌስላው በዚህ አላቆመም። በ1947 ራሱ ወደ ዓባይ አካባቢ መጥቶ ተናጋሪ ፈለገ። ብዙ ከደከመ በኋላ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ከነርሱ የሰማውን በእጅ ጽሑፉ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ በ1956 ሰፊ የጥናት መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም፤ ግን የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ግሡ እንዴት እንደሚረባ፣ የመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ቃላት በርሱ እንዴት እንደተሰሙ እናውቃለን። ከወይጦ ጋር ያለው ልዩነት በቋንቋዎቹ ውበት ወይም በሕዝቦቹ ብዛት የመጣ አይደለም። ጋፋትኛን አንድ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ፣ ተከብሮ፣ ጽፎታል ወይም አስጽፎታል። ወይጦዎቹን ግን ገመድ አሳዩአቸው።

ቅማንትነይ፦ ገና ያልተዘጋ በር

ከደልጊ በስተሰሜን ወዳለው ወደ ቅማንት ስንመጣ ታሪኩ ገና አላለቀም። ቅማንቶች ከብሉይ ኪዳን ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ጥንታዊ ሃይማኖት ነበራቸው፤ ቅዳሜን ያከብሩ ነበር፤ የሚጸልዩት በሕንፃ ውስጥ ሳይሆን በተከበረ ጥንታዊ ዛፍ ሥር ነበር፤ የሃይማኖቱ መሪ ወምበር ይባል ነበር። ጋምስት ከ1964 እስከ 1965 ከነርሱ ጋር ኖሮ በ1969 መጽሐፍ አሳተመ። ጸሎቱ በቅማንትነይ ስለሚደረግ ቋንቋውና ሃይማኖቱ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆሙ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ኦርቶዶክስ ክርስትና ሲገቡ ጸሎቱ ወደ ግዕዝና አማርኛ ዞረ፤ ቋንቋው አንዱን ምሰሶውን አጣ። ትምህርት ቤት፣ ከተማና የጎረቤት ፌዝ ደግሞ የቀረውን ወሰዱ።

የቅማንትነይ መዝገብ ግን ሰፊ ነው። ሚስዮናዊው ማርቲን ፍላድ በ1866 ስለ ቅማንቶችና ፈላሾች ጻፈ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ስለ ቋንቋው አንድ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ። ዴቪድ አፕልያርድ በ1975 የሰዋስው መግለጫ አቀረበ። ከሁሉ ይልቅ ዘለዓለም ልየው የተባሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁር በ2003 ኮሎኝ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ የቋንቋውን ሰዋስው ብቻ ሳይሆን ለምንና እንዴት በአማርኛ እየተተካ እንደሄደ ተንትኖ አሳየ። አንድ ኢትዮጵያዊ በአገሩ የሚሞተውን ቋንቋ ወርዶ፣ ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ማጥናቱ የብሩስ ዘመን ያልነበረው ነገር ነው።

ቁጥሩ ከባድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን ማለታቸውን መዝግቧል። ከነዚህ ቅማንትነይ የመጀመሪያ ቋንቋዬ ነው ያሉት 1,625 ብቻ ነበሩ፤ 3,181 ሰዎች ደግሞ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ እንናገረዋለን ብለዋል። በመጀመሪያ ቋንቋነት የሚናገረው ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት የሚል መለያ ሳይቀመጥ ቀረ፤ የማንነት ጥያቄው ከዚያ በኋላ የፖለቲካ እሳት ሆኖ የሰው ሕይወት ቀጠፈ። ወሰንና አስተዳደር የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። ግን ሁለቱም ወገን ሲሟገት ስለ ቋንቋው ብዙ ተባለ እንጂ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብሎ የሚቀዳቸው ጥቂት ነበር።

ሌላ ሐይቅ፣ ሌላ ሕዝብ

የሚሞት ቋንቋን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ለማየት ከጣና ርቀን እንሂድ። በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ በኮቸላ ሸለቆና በአጠገቡ ተራሮች ካዊያ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አሉ። በሸለቆው ጥንት ትልቅ ሐይቅ ነበር፤ የካዊያ ሐይቅ ይባላል። ኮሎራዶ ወንዝ መንገዱን ሲቀይር ሐይቁ ደረቀ፤ ግን ካዊያዎች ዓሣ ለማጥመድ በዳርቻው የደረደሯቸው የድንጋይ ወጥመዶች ከጥንቱ የውኃ መስመር ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። እነሱም እንደ ወይጦ የሐይቅ ዳር ሕዝብ ነበሩ፤ እነሱም ሐይቃቸውን፣ ከዚያም መሬታቸውንና ቋንቋቸውን ተነጠቁ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር።

የነገሩን አካሄድ ከቀየሩት አንዷ ካትሪን ሲቫ ሶቤል ናት። የተወለደችው በ1920 ሲሆን ትምህርት ቤት ስትገባ የምታውቀው ካዊያ ብቻ ነበር። እናቷ ስለ ዕፅዋት የነገረቻትን ከልጅነቷ ጀምራ ትጽፍ ነበር። ያ ማስታወሻ ከሥነ ሰብ ምሁሩ ከሎውል ቢን ጋር በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ከ200 በላይ ዕፅዋት ስማቸው፣ ጥቅማቸውና አዘገጃጀታቸው ሆኖ ወጣ። ከኮሎኙ የቋንቋ ሊቅ ከሃንስያኮብ ዛይለር ጋር ለዓመታት ሠርታለች፤ የዛይለር የካዊያ ሰዋስው በ1977፣ መዝገበ ቃላቱ በ1979 ታተመ። ራሷም የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጀች። ከጓደኞቿ ጋር ማልኪ ሙዚየምን በ1960ዎቹ አቋቋመች፤ በካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች በራሳቸው ምድር ያቋቋሙትና ያስተዳደሩት የመጀመሪያው ሙዚየም ነው። በ2011 ስታርፍ የካዊያ ቋንቋ በአፍ የሚናገረው በጣም ጥቂት ሰው ቢቀርም፣ ለመማር የሚፈልግ ወጣት የሚከፍተው መጽሐፍ፣ የሚያዳምጠው ድምፅ፣ የሚሄድበት ቤት ነበረው።

እንግዲህ ካዊያና ወይጦን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ጥቂት ሕዝብ፣ ሁለቱም የተናቁ፣ ሁለቱም ሐይቅ ያጡ ወይም ሊያጡ የቀረቡ። በአንዱ በኩል ጠያቂና ተጠያቂ ተባብረው የጻፉት ሙሉ መደርደሪያ አለ። በሌላው በኩል ስድስት ቃል። ልዩነቱን ያመጣው ተጠያቂዋ ራሷ ጠያቂ፣ ጸሐፊና አሳታሚ መሆኗ ነው።

አዊኛ ለምን ቆመ

በመጀመሪያ ከቆጠርናቸው አምስት ቋንቋዎች የቆመው አዊኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ተናጋሪዎቹ ነበሩ። ሕዝቡ ብዙ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው፤ ግን ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ቅማንቶችም ብዙ ናቸው። አዊኛ የሕዝቡ መንደር ተያያዥ በሆነበት ቦታ ይነገራል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አለው። ከሁሉ በላይ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። በመማሪያ መጽሐፍ የታተመ ቋንቋ ልጁ ሲናገረው አያፍርበትም።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛን የሚያጠኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ አማርኛ ግሥን ከዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያኖረው፣ ከግዕዝ የተለየ መልክ የያዘው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር በኖረበት ዘመን ነው ይላሉ። ስለዚህ አገውኛ ስናጠና የምናጠናው የሌላ ሰው ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ ራሱ እንዴት እንደተሠራ እያጠናን ነው። በደልጊ ገበያ የሚሰማው አማርኛም የዚያ ታሪክ አካል ነው።

ከዚህ ወዲያ ምን ይደረግ

የወይጦን ቋንቋ ማንም አይመልሰውም። ግን ወይጦዎች አሁንም አሉ። ቋንቋው ቢሄድም የሐይቁ ዕውቀት በአማርኛ ተርፏል፦ የደንገሉ ዓይነትና መቼ እንደሚታጨድ፣ የታንኳ ክፍሎች ስም፣ የነፋሱ ጠባይ፣ የዓሣው መራቢያ ወቅት፣ የወፍጮ ድንጋይ አመራረጥ። ደንገሉ በእርሻና በከተማ መስፋፋት እየቀነሰ ሲሄድ ይህ ዕውቀትም ሥራውን እያጣ ነው። ጉማሬው ሲያልቅ የጉማሬው ቃላት እንዳለቁ፣ ደንገሉ ሲያልቅ የደንገሉ ቃላት ያልቃሉ። ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው፤ የቋንቋና የባህል ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ደልጊ ድረስ ይሂድ።

ሲሄድ ግን ሦስት ነገር ይያዝ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ለምን እንደሚጠየቅ ይወቅ፣ እንቢ የማለት መብት ይኑረው። ሁለተኛው ስም ነው፤ ዕውቀቱን የሰጠው ሰው ከፈለገ በስሙ ይጠቀስ፣ ጸሐፊው ብቻ እንዳይመሰገን። ሦስተኛው መመለስ ነው፤ የተቀዳው ድምፅና የተጻፈው ጽሑፍ ወደ መንደሩ ይመለስ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲያገኙት።

ለቅማንትነይም ይህ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቤትህ ወይም ጎረቤትህ ቅማንትነይ፣ ቋርኛ ወይም ሌላ እየተዳከመ ያለ ቋንቋ የሚያውቁ አባት ወይም እናት ካሉ በዚህ ሳምንት ሂድና ስልክህን አውጥተህ ቅዳቸው። በቁጥር ጀምር፤ ከአንድ እስከ ሃያ። ከዚያ የአካል ክፍሎችን፣ የቤተሰብ ስሞችን፣ የዕፅዋትና የእንስሳትን ስም ጠይቅ። ከዚያ ተረት ይንገሩህ፣ ይመርቁህ፣ ይዝፈኑልህ፤ ዘፈኑ ባይገባህም አትቁም፣ ቅዳው። ትርጉሙን ከራሳቸው አፍ ጠይቀህ ጨምር። ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጥ።

የጣና ዳር ቋንቋዎች የሚነግሩን ግልጽ ነው፦ የተናቀ ሕዝብ ቋንቋ ቀድሞ ይሞታል፤ የሚመሰክርለትም አያገኝም። መናቁን ማቆም የሁላችንም ሥራ ነው። መመስከሩ ግን ዛሬ በአንድ ሰውና በአንድ ስልክ ሊጀመር ይችላል፤ ጊዜው ያለን ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።